ጸጥ ያለ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ በዝናብ የማይከዳ፦ በአትላንታ ለቤተሰብ መኪና ጎማ ሲመረጥ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት አትላንታ ላይ ከቀትር በኋላ የሚወርደው ዶፍ ፋታ አይሰጥም። ጠራ ብሎ የዋለው ሰማይ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል፤ ከተማዋን ከብቦ 64 ማይል ያህል የሚዞረው፣ ነዋሪው “ፔሪሜትር” እያለ የሚጠራው የአይ-285 አውራ ጎዳና በውኃ ይሸፈናል። በዚያች ሰዓት ቤተሰብ የጫነችን መኪና ከመሬት ጋር የሚያገናኟት አራት የጎማ ገጾች ብቻ ናቸው። የእያንዳንዳቸው ስፋት ከአንድ ጎልማሳ መዳፍ ብዙም አይበልጥም።

የእነዚያን ገጾች ሁኔታ በየዓመቱ የሚመረምር አካል የለም። በኢትዮጵያ መኪና ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ሳያልፍ ቦሎ አይለጠፍለትም። በጆርጂያ ግን በአትላንታና በዙሪያዋ ባሉ 13 ካውንቲዎች በየዓመቱ የሚጠየቀው የጭስ ልቀት ምርመራ ብቻ ነው፤ ፍሬን፣ መሪና ጎማ አይታዩም። የግዛቱ ሕግ የጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ2/32 ኢንች እንዳያንስ ቢያዝም፣ ልኩ ላይ መድረስ አለመድረሱን የመከታተሉ ኃላፊነት ለአሽከርካሪው የተተወ ነው።

ክላርክስተን፣ ተከር፣ ስቶን ማውንቴንና ዲኬተርን በመሳሰሉ የዲካልብ ካውንቲ ከተሞች ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ደግሞ መኪና ቅንጦት አይደለም። የማርታ ባቡርና አውቶቡስ በማይደርሱበት አቅጣጫ ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚኬድበት ነው፤ ለብዙዎች ሰው በማመላለስ የዕለት እንጀራ የሚገኝበት ነው። አራት አዲስ ጎማ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ የቤተሰብ ኃላፊ ብዙ መቶ ዶላር ለማውጣት ተዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። ሱቁ ውስጥ የሚጠብቁት ቃላት ሦስት ናቸው፦ ጸጥታ፣ ረጅም ማይል፣ ለአራቱም ወቅት።

ችግሩ እነዚህ ሦስት ባሕርያት አንዱ ሌላውን የሚጎትት መሆኑ ነው። ለስላሳ የጎማ ውህድ እርጥብ መንገድን አጥብቆ ይይዛል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ደረቅ ያለው ውህድ ዓመታትን ይቆያል፤ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ ግን ሊንሸራተት ይችላል። ለበረዶ ተብሎ በብዙ ቦታ የተቆራረጠ ጥርስ በአስፋልት ላይ ይጮኻል። በሲሊካ የተሠሩት ዘመናዊ ውህዶች ግጭቱን አለዝበውታል እንጂ አላስወገዱትም። ስለሆነም የሚሻለው ጥያቄ “የትኛው ጎማ ምርጥ ነው?” የሚለው ሳይሆን “አትላንታ ውስጥ ጎማን የሚፈትነው ምንድን ነው?” የሚለው ነው። መልሱ ሙቀት፣ ዝናብና ርቀት ነው። በረዶ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው

ሻጩ ከሚናገረው ይልቅ ጎማው ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ ራቭ4 መኪኖች ላይ የሚገኘው መጠን 225/65 አር 17 ተብሎ ይጻፋል። 225 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ያለው መቶኛ ድርሻ ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ከዚያ ቀጥሎ 102 እና ኤች የሚል ፊደል ቢኖር፣ 102 አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 130 ማይል ፍጥነት መቋቋሙ እንደተመሰከረለት ያሳያል። በዚያ ፍጥነት የሚነዳ የቤተሰብ ሰው ባይኖርም ፊደሉ ጎማው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙን ስለሚጠቁም፣ የመኪናው አምራች ካዘዘው ዝቅ ያለ ፊደልም ሆነ ያነሰ የጭነት ቁጥር መግዛት አይመከርም። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ሌላው የሚፈለገው ጽሑፍ ዶት ከሚሉት ፊደላት የሚጀምረው ረድፍ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የጎማው የልደት ቀን ናቸው። 3524 የሚል ከሆነ ጎማው በ2024 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሙሉው ቁጥር በአንዱ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል በውጭ በኩል ካልተገኘ በውስጥ በኩል መታየት አለበት። የረድፉ የመጀመሪያ ምልክቶች ደግሞ ፋብሪካውን ያመለክታሉ። በዚህ ነገር አትላንታ የራሷ ወግ አላት፤ የኮሪያው ኩምሆ ከከተማዋ በስተ ደቡብ በሜከን፣ የጃፓኑ ቶዮ በስተ ሰሜን ምዕራብ ዋይት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የጣሊያኑ ፒሬሊም በሮም፣ ጆርጂያ፣ የጎማ ፋብሪካ አላቸው። “የውጭ” የሚባል ስም የያዘ ጎማ ከገዢው ቤት ብዙም ሳይርቅ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ 800 ቢሆንስ?

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በመንገደኛ መኪና ጎማዎች ላይ ሦስት ደረጃዎች እንዲጻፉ ያስገድዳል። የጥርሱ ዕድሜ በቁጥር፣ በእርጥብ መንገድ የመቆም ብቃቱ ከድርብ ኤ እስከ ሲ፣ ሙቀትን መቋቋሙ ደግሞ ከኤ እስከ ሲ ባሉ ፊደላት ይገለጻሉ። ለብዙ ገዢዎች ዓይን የሚገባው የመጀመሪያው ነው። 800 ከ400 እጥፍ ይቆያል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው በቴክሳስ ሳን አንጄሎ ከተማ ዙሪያ በሚገኝ 400 ማይል የሚሆን የሕዝብ መንገድ ላይ ነው። የሚፈተነው ጎማ መመዘኛ ከሆነው ጎማ ጋር በአጀብ 7,200 ማይል ይነዳል፤ መመዘኛው 100 ተብሎ ይወሰድና የሌላው አላላቅ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። ሆኖም ጎማው እስኪያልቅ ድረስ አይነዳም፤ የቀረው በስሌት ይገመታል። የመጨረሻውን ቁጥር የሚሰጠውም መንግሥት ሳይሆን አምራቹ ራሱ ነው። አንዱ ኩባንያ ሲጠነቀቅ ሌላው ሊደፍር ይችላል። በመሆኑም ቁጥሩ የአንድን አምራች ሁለት ጎማዎች ለማወዳደር ይጠቅማል፤ የተለያዩ ኩባንያዎችን ለማወዳደር ግን የሚታመን ሚዛን አይደለም።

የእርጥብ መንገዱ ፊደልም የራሱ ጉድለት አለው። ፈተናው የሚለካው ቀጥ ባለ መንገድ በፍሬን የሚገኘውን ቁጥጥር ነው። በመታጠፊያ ላይ መያዝንና ጎማው በተጠራቀመ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ መሪ አልታዘዝ የሚልበትን አደጋ አይመለከትም። ያም ሆኖ ከሦስቱ ለአትላንታ ነዋሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ፊደል ነው። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 50 ኢንች ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ብዙ ሰው የዝናብ ከተማ አድርጎ ከሚያስባት ከሲያትል ትበልጣለች። በዕድሜው ቁጥር ከፍ ያለ፣ በእርጥብ መንገዱ ግን ቢ የሆነ ጎማ ሲቀርብ፣ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ፊደሉ ኤ የሆነውን መምረጥ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የማይል ዋስትና ሌላው ማባበያ ነው። ጉድይር ለአሹራንስ ማክስላይፍ 85,000 ማይል፣ ሚሽሊን ለዲፌንደር 2፣ ብሪጅስቶን ለቱራንዛ ክዋየትትራክ፣ ኮንቲኔንታል ለትሩኮንታክት ቱር ለእያንዳንዳቸው 80,000 ማይል ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ ማለት ግን ጎማው ቀድሞ ካለቀ አዲስ በነፃ ይሰጣል ማለት አይደለም። የ80,000 ማይል ጎማ በ50,000 ማይል ቢያልቅ፣ ባልተነዳው 30,000 ማይል መጠን፣ ማለትም 37 ከመቶ ተኩል ያህል፣ ከሚቀጥለው ግዢ ላይ ይቀነሳል። ይህም የሚሆነው ገዢው የመጀመሪያው ባለቤት ከሆነ፣ ጎማዎቹ እኩል ካለቁና በየጊዜው ቦታ መቀያየራቸውን የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ ነው። በመኪናቸው ሰው የሚያመላልሱ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማንበብ አለባቸው፤ ዋስትናው ለንግድ ሥራ የሚውልን መኪና ሊያገልል ይችላል። በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሾፌር ዋስትናውን ቆጥሮ የበለጠ ከከፈለ በኋላ ይህን ቢያውቅ አይጠቅመውም።

ሙቀት ያስተማረው

በአትላንታ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል፤ አስፋልቱ ከዚያ እጅግ ይግላል። ነፋስ የጎደለው ጎማ በዚህ ላይ ሲሽከረከር ጎኑ ደጋግሞ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ከውስጥ ሌላ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ጎማውን ከሽቦው ጋር ያጣበቀውን ክፍል ያላቅቃል።

አሜሪካ ይህንን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ 6 ሚሊዮን ተኩል የሚሆኑ ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው የቤተሰብ መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ። በፍጥነት መንገድ ላይ የጎማው የላይኛው ቆዳ ተገሽልጦ ይወጣና መኪናው ይገለበጥ ነበር። የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከእነዚህ ጎማዎች ጋር ያያያዛቸው ሞቶች 271 ደርሰዋል። መሰብሰቡ የጀመረው ሙቀት ከሚያይልባቸው ከአሪዞና፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከፍሎሪዳና ከቴክሳስ ነበር። በምርመራው ስሟ በተደጋጋሚ የተነሣችው ዲኬተር፣ ለአትላንታ ሰው ግር እንዳይል፣ የጆርጂያዋ ሳትሆን ፋብሪካው የነበረባት የኢሊኖይዋ ናት። የአምራቹ ጉድለት፣ ዝቅ ተደርጎ የተመከረው የነፋስ መጠን፣ ጭነትና ሙቀት አንድ ላይ ተደምረው ያደረሱት ጥፋት ነበር።

ዛሬ በመኪኖች ሰሌዳ ላይ የሚበራው የጎማ ነፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት የዚያ አደጋ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ውጤት ሆኖ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ ቀላል መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። ይሁን እንጂ መብራቱ የሚበራው ነፋሱ ከታዘዘው ሩብ ያህሉ ሲጎድል ነው። 35 መሆን ያለበት ጎማ ወደ 26 እስኪወርድ ድረስ ዝም ሊል ይችላል። መብራት አልበራም ማለት ነፋስ ሞልቷል ማለት አይደለም። በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ በመለኪያ ማየት የሚተካው የለም። የሚሞላውም በበሩ ላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው መጠን ነው እንጂ ለመኪናው የታዘዘው አይደለም።

ሙቀት ጎማን ቆሞም ያስረጀዋል። ብዙ የመኪና አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ጎማ ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾች ደግሞ አሥር ዓመትን የመጨረሻ ጣሪያ ያደርጋሉ። ትንሽ ለሚነዳ ቤተሰብ ይህ ስሌቱን ይለውጠዋል። በዓመት 7,000 ማይል ብቻ የሚሄድ መኪና በስድስት ዓመት 42,000 ማይል ይሆናል፤ ለ85,000 ማይል ጎማ ተጨማሪ የሚከፈለው ገንዘብ ሳይሠራበት ጎማው ያረጃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ በዝናብ የተሻለ የሚይዝ፣ በማይል መካከለኛ የሆነ ጎማ ይበቃዋል። ከኋላ ተሰቅሎ ወይም ከሻንጣው ሥር ተኝቶ የተረሳው ስኮርታም ዕድሜ እንደሚቆጥር መዘንጋት የለበትም።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

በጎማ ግዢ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚያዝኑት በድምፅ ነው። ምክንያቱም ከመግዛታቸው በፊት ሊሰሙት አይችሉም። በአውሮፓ ከ2012 ጀምሮ በጎማ ላይ በሚለጠፈው መረጃ የድምፅ መጠኑ በዴሲቤል ይገለጻል፤ እሱም ቢሆን መኪናው ሲያልፍ ውጭ የሚሰማው እንጂ ሾፌሩ ጆሮ የሚደርሰው አይደለም። በአሜሪካ ይህም የለም። “ጸጥ ያለ” የሚለው ቃል ማንም የማይመሰክርለት የማስታወቂያ ቃል ነው።

የጎማ ድምፅ ምንጮቹ ከአንድ በላይ ናቸው። ጥርሶቹ አስፋልቱን በተከታታይ ሲመቱ ይንኳኳሉ። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ የታፈነ አየር ተጨምቆ ሲለቀቅ ያፏጫል። በጎማው ሆድ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ከበሮ ይርገበገባል፤ መንገድ ሻካራ ሲሆን ውስጥ ለውስጥ የሚሰማው ጉምጉምታ ከዚህ የሚመጣ ነው። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ቢሆኑ ድምፆቹ ተደራርበው አንድ ጩኸት ይሆኑ ነበር፤ ስለዚህ መሐንዲሶች የጥርሶቹን ርዝመት ሆን ብለው ያለያያሉ። ጎማውን በቅርበት ያየ ሰው ከጎን ለጎኑ አንዱ ጥርስ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ መሆኑን ያስተውላል። የሥራ ስሕተት አይደለም።

በሱቅ ውስጥ በዓይን ብቻ ብዙ ማወቅ ይቻላል። ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚሄድ መስመር ያለው፣ ቦዮቹ በጎኑ በኩል እስከ ጫፍ ወለል ብለው ያልተከፈቱ፣ ጥርሶቹ ትናንሽ የሆኑ ጎማ በአብዛኛው ጸጥ ይላል። ሻጮች “ቱሪንግ” ወይም “ግራንድ ቱሪንግ” በሚሉት ምድብ የሚመጡት እንዲህ ያሉ ናቸው። እንደ ጭቃ ጎማ ትላልቅ ጥርስ ያለውን ለመልኩ ብሎ በከተማ ለሚነዳ መኪና መግጠም ግን ጩኸትን ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ነው። የቸርኬው ስፋትም ድርሻ አለው። 19 ወይም 20 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባ ጎማ ጎኑ አጭር በመሆኑ የመንገዱን ንዝረት አያበርድም፤ በጉድጓድ ቸርኬ የማጣመም ዕድሉም የሰፋ ነው፤ ዋጋውም ይወደዳል። የአንድ መኪና ሁለት ዓይነት ደረጃዎች ለግዢ ሲቀርቡ ባለ 17 ኢንቹን የወሰደ ቤተሰብ፣ ሳያስበው ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የጎማ ወጪውን ቀንሷል።

በሆዳቸው ውስጥ ስፖንጅ የተለጠፈባቸው ጎማዎችም አሉ፤ በተለይ በኤሌክትሪክና በቅንጡ መኪኖች ላይ ይገኛሉ። ጉምጉምታውን በእርግጥ ይቀንሳሉ። ነገር ግን ሚስማር ሲወጋቸው ስፖንጁን ሳይነቅል የሚለጥፍ ጎሚስታ አይኖርም፤ ሁሉም ሱቅ ደግሞ ይህንን ሥራ አይቀበልም። ለተራ የቤተሰብ መኪና የሚያስፈልግ አይመስልም።

ብዙ ጊዜ ግን ጩኸቱ የጎማው ምርት ሳይሆን የአያያዙ ጥፋት ነው። ቦታቸው ያልተቀያየረ ወይም አላይመንታቸው የተዛባ ጎማዎች ጥርሳቸው እንደ መጋዝ እየተሳለ ይሄዳል፤ ያረጀ አሞርዛተርም ጎማውን እያነጠረ ገጹን ወጣ ገባ ያደርገዋል። ከ10,000 ማይል በኋላ “ጎማው መጮኽ ጀመረ” የሚባለው ይህ ነው። የተበላ የጎማ ኩሽኔታም ተመሳሳይ ድምፅ ስላለው አንዱ ለሌላው ይወቀሳል። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ። አዲስ አስፋልት ላይ ሲገባ ዝም ብሎ ኮንክሪት ላይ ሲመለስ የሚጮኽ ከሆነ በአብዛኛው ጎማው ነው፤ መንገዱ ሳይለወጥ መሪ ወደ አንድ ጎን ጠምዘዝ ሲደረግ የሚለዋወጥ ከሆነ ኩሽኔታው መታየት አለበት። ይህን ሳያጣራ አራት ጎማ የለወጠ ሰው ድምፁን ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በረዶን ምን ያህል መፍራት ይገባል?

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጥር 28 ቀን 2014 በአትላንታ ላይ የወረደው በረዶ ሦስት ኢንች አይሞላም ነበር። ሆኖም ቀን ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሥራ ሲወጣ መንገዶች ተዘጉ፤ የወረደው በረዶ በጎማዎች ተጠቅጥቆ መስተዋት ሆነ። ሺዎች በመኪናቸው ውስጥ አደሩ፤ ተማሪዎች በትምህርት ቤትና በአውቶቡስ ውስጥ ሌሊቱን አሳለፉ። ያን ቀን የሚያስታውሱ ሰዎች ጎማ ሲገዙ ስለ በረዶ መጠየቃቸው አይገርምም።

በብዙ ጎማዎች ላይ ያለው የኤም እና የኤስ ምልክት፣ ጭቃና በረዶ ማለቱ ነው፣ የሚሰጠው በጥርሱ ቅርጽ ብቻ እንጂ በበረዶ ላይ በተደረገ ፈተና አይደለም። የተፈተነው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ነው። ሚሽሊን ክሮስክላይሜት 2 ይህ ምልክት ካላቸው መካከል ነው፤ ዋስትናው ግን 60,000 ማይል ነው። የዚያው ኩባንያ ዲፌንደር 2 ደግሞ 80,000 ማይል። ለበረዶ ችሎታ የሚከፈለው ዋጋ በዚህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክረምት ላይ ወደ ሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ወይም ወደ ቴነሲ ለሚመላለስ፣ ወይም በሥራው ምክንያት በረዶ ቢጥልም መውጣት ግድ ለሚሆንበት ነርስ ዋጋው ይገባዋል። ለሌላው የአትላንታ ነዋሪ ግን በዓመት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በሌላው 363 ቀን መክፈል ይሆናል። የተራራው ምልክት ቢኖርም ባይኖርም፣ በ2014ቱ ዓይነት ጥቁር በረዶ ላይ የሚቆም የአራት ወቅት ጎማ የለም። በዚያ ቀን የሚሻለው ከቤት አለመውጣት ነው።

የ50 ዶላሩ ጎማ ሒሳብ

በቡፎርድ ሀይዌይና በሜሞሪያል ድራይቭ ዳርና ዳር ያገለገሉ ጎማዎችን የሚሸጡ ሱቆች ብዙ ናቸው። ገና ለመጣ ቤተሰብ፣ ኪራይና መድን አንድ ላይ ለደረሱበት ሰው፣ 50 ዶላር ከፍሎ በአሥራ አምስት ደቂቃ መውጣት እፎይታ ነው። በዚህ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ሒሳቡን ማየት ግን ደግ ነው።

አዲስ የአራት ወቅት ጎማ ጥርሱ 10/32 ኢንች ገደማ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንዱ አዲስ ጎማ ከነመግጠሚያው 195 ዶላር ወጥቶበት 70,000 ማይል ቢያገለግል፣ አራቱ 780 ዶላር ስለሚሆኑ ለሺህ ማይል 11 ዶላር ከ14 ሳንቲም ይደርሳል። ያገለገለው ጥርሱ 5/32 ቀርቶት በ50 ዶላር ቢገዛና አዲስ ሳለ 50,000 ማይል የሚሄድ ዓይነት ቢሆን፣ ሕጉ የሚፈቅደው 2/32 እስኪደርስ 18,750 ማይል ገደማ ይቀረዋል። አራቱ 200 ዶላር ናቸው፤ ለሺህ ማይል 10 ዶላር ከ67 ሳንቲም። ልዩነቱ ግማሽ ዶላር እንኳን አይሞላም።

በዝናብ ግን 2/32 ሕጋዊ ይሁን እንጂ በቂ አይደለም። ትሪፕል ኤ በሚል ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር በ2018 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ ጥርሳቸው ወደ 4/32 የወረደ ጎማዎች የተገጠሙላት መኪና በሰዓት 60 ማይል እየሄደች በእርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ አዲስ ጎማ ካላት በአማካይ 87 ጫማ ርቃ ትቆማለች፤ 43 ከመቶ ጭማሪ ነው። 87 ጫማ ከአምስት የቤተሰብ መኪኖች ርዝመት በላይ ነው። ስለዚህ በ4/32 መለወጥ የሚሻል ከሆነ፣ ከላይ የተጠቀሰው ያገለገለ ጎማ የሚቀረው 6,250 ማይል ብቻ ነው፤ ሒሳቡም ለሺህ ማይል 32 ዶላር ይሆናል። በዚሁ ልክ የተሰላው አዲሱ ጎማ ግን 15 ዶላር አይደርስም። ይህ ሁሉ ያገለገለው ጎማ የት እንደነበር፣ ነፋስ ጎድሎት ምን ያህል እንደተነዳ፣ ከውስጥ ተለጥፎ እንደሆነ አይታወቅም የሚለውን ሳይጨምር ነው። ግዴታ ሆኖ ከተገዛም ቢያንስ የልደት ቁጥሩን ማንበብ፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅና እብጠት መፈለግ፣ ከመገጠሙ በፊትም ውስጡን አሳዩኝ ማለት ይገባል።

ለልኬቱ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የ25 ሳንቲም ሳንቲም የዋሽንግተን ራስ ወደ ታች ተደርጎ በቦዩ ውስጥ ሲገባ የራሱ ጫፍ ከታየ ጥርሱ ከ4/32 በታች ወርዷል። በአንድ ሳንቲሙ የሊንከን ራስ ጫፍ ከታየ ደግሞ ሕጉም አልፏል።

አራቱን በአንድ ጊዜ የመግዛት አቅም ከሌለና ሁለት ብቻ ከተገዙ፣ መኪናው በፊት እግሩ የሚነዳ ቢሆንም አዲሶቹ ከኋላ መገጠም አለባቸው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስባል። የፊት ጎማ በውኃ ላይ ሲንሳፈፍ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እግርን ከነዳጅ ሲያነሡ ይመለሳል። የኋላው ሲንሳፈፍ ግን መኪናው ይሽከረከራል፤ ከዚያ የሚመልሰው ሾፌር ጥቂት ነው። በአራቱም እግር ለሚነዳ መኪና ሁለት ብቻ መለወጥ ሌላ ጣጣ አለው፤ የጎማዎቹ ቁመት ልዩነት ኃይል ማከፋፈያውን ሊጎዳ ስለሚችል የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚፈቅደው ልዩነት መታየት አለበት።

ከሱቁ ከመውጣት በፊት

ጎማዎቹ ቸርኬ ላይ ከመውጣታቸው በፊት የአራቱም የልደት ቁጥር ይታይ። አንዱ የዚህ ዓመት፣ ሌላው የሦስት ዓመት ከሆነ ሻጩ እንዲቀይር መጠየቅ የገዢው መብት ነው። አሮጌዎቹ ጎማዎች በአንድ ጎን ተበልተው ከነበረ አላይመንት ሳይሠራ አዲስ መግጠም፣ አዲሱንም እንደዚያው እንዲበላ መፍቀድ ነው። ብሎኖቹ በልክ መጥበቃቸው ከ50 እስከ 100 ማይል ከተነዳ በኋላ እንደገና ይታያል። ከዚያ በኋላ በየ5,000 እስከ 8,000 ማይል ጎማዎቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ብዙ ሱቆች እነሱ ለሸጡት ጎማ ይህንን ያለ ክፍያ ስለሚሠሩ ዋጋ ሲነጻጸር አብሮ መቆጠር አለበት።

በየዓመቱ በጁላይ 4 በዓል ሰሞን፣ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በሌላ ከተማ ሲካሄድ፣ ከአትላንታ በመኪና የሚነሡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ብቻ 640 ማይል ያህል ነው፤ በዓመቱ ሞቃታማ ሳምንት፣ መኪና እስከ ጣሪያው ተጭኖ። የነፋሱን ልክ፣ የጥርሱን ጥልቀትና የስኮርታውን ሁኔታ ለማየት ከጉዞው ዋዜማ ይልቅ ሁለት ሳምንት ቀደም ያለው ቅዳሜ ይመረጣል፤ ለውጥ ካስፈለገ አማርጦ ለመግዛት ጊዜ ይኖራል። ደረሰኙ ላይም የመኪናው ማይል በትክክል መጻፉን ከመፈረም በፊት ማየት ያስፈልጋል፤ ዋስትና ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።